ለሳሎናችን 80 ዋት ይበቃል

ሆም ቲያትር ሪሲቨር ልትገዙ አስባችኋል እንበል። የዲሹን ማለቴ አይደለም። ስፒከሮቹን ሁሉ የሚነዳውን፣ ዲኮደሩንም ፕሌይስቴሽኑንም ፍላሽ ማጫወቻውንም ሰብስቦ ለቴሌቪዥኑ የሚያቀብለውን ትልቁን ሳጥን ነው። በጀታችሁ መካከለኛ ነው፤ ውጭ አገር ከ500 እስከ 1,000 ዶላር የሚሸጠው ዓይነት። በብር ስንት እንደሚሆን አልጽፍም። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የሚጻፍ ዋጋ ለሚቀጥለው ወርም አይሆንም።

የማምንበትን መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱን ቀጥዬ አመጣለሁ። በዚህ ዋጋ ውስጥ ያሉ ሪሲቨሮች በድምፅ ጥራት ይቀራረባሉ። ዴኖን ይሁን ያማሃ፣ ኦንክዮ ይሁን ሶኒ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከስፒከሩና ከክፍሉ ነው። ስለዚህ ሪሲቨሩ ከጠቅላላ በጀታችሁ ከግማሽ በላይ እየበላ ከሆነ አንድ ደረጃ ውረዱና የተረፈውን ስፒከር ላይ አውሉት። ይህን በደንብ አስቤበት ነው የምለው።

አሁን ወደ ዋት እንምጣ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት እሱን ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ሺህ ዋት ነው፣ ሰፈሩን ያነቃንቃል» ትባላላችሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን በምን ሁኔታ እንደተለካ ካልታወቀ ምንም አይነግራችሁም። ዴኖን ኤክስ 1700 ኤችን ውሰዱ። አውሮፓ ውስጥ 145 ዋት ተብሎ ይተዋወቃል። ያው ዕቃ በሌላኛው መለኪያ 80 ዋት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ቻናል፣ ማለትም የአንድ ስፒከር መውጫ፣ ብቻ እየሠራ፣ በ6 ኦም (የስፒከሩ የኮረንቲ መቋቋም ነው)፣ በአንድ ድምፅ፣ ያውም 10 በመቶ መዛባት ተፈቅዶለት የተለካ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቻናል እየሠራ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ ድረስ፣ መዛባቱ ከ0.08 በመቶ ሳያልፍ የተለካ ነው። እኔ የማየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሁለት ሪሲቨር ስታወዳድሩም በዚህ በሁለተኛው አወዳድሩ፤ አለዚያ አንዱ በኪሎ ሌላው በቁና ተለክቶላችሁ ዋጋ እንደመከራከር ነው።

ታዲያ 80 ዋት አያንስም ወይ? ሒሳቡን እንሥራው። የስፒከር መግለጫ ላይ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ። 88 ዴሲቤል የሚል ከሆነ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያን ያህል ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። 3 ሜትር ርቃችሁ ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ግድግዳው የሚመልሰውን ጨምሮ በግምት 80 ዴሲቤል ይደርሳችኋል። ይህ በ1 ዋት ነው! ሰው በተራ ሁኔታ ሲያወራ የምትሰሙት ከዚያ ያነሰ ነው። ፊልሙ ውስጥ ፍንዳታ ሲመጣ 80 ዋቱ ወደ 99 ዴሲቤል ያደርሰዋል። ሲኒማ ቤት ከዚህም ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ ባለበት፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሕፃን ግድግዳው ማዶ በተኛበት፣ 99 ዴሲቤል የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከ80 ወደ 160 ዋት ብታድጉ ደግሞ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ኃይሉ 10 እጥፍ መሆን አለበት። 88 የነበረውን ስፒከር 91 በሆነ ብትቀይሩት ግን ዋቱን እጥፍ ያደረጋችሁት ያህል ነው። ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት የሚነግረኝ ይሄ ሒሳብ ነው።

ከዋት በላይ ሊያስጨንቃችሁ የሚገባው ቮልት ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ የምናገኘው ከዘመድ ነው። አሜሪካ ያለች እህት ወይም አጎት ሲመጡ ይዘውልን ይመጣሉ፣ እኛም ደስ ብሎን ካርቶኑን እንከፍታለን። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ሪሲቨር የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። እንደ ስልክ ቻርጀር ሁሉንም አይቀበልም። ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመገዛቱ በፊት የጀርባውን ፎቶ አስልኩ። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ቮልቱ ተጽፏል። 230 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ የሚል ከሆነ ግቡበት። ለእስያና ለመካከለኛው ምሥራቅ ከሚሠሩ የያማሃ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ የቮልት መምረጫ አላቸው፣ እሱም አሪፍ ነው፤ ከመሰካታችሁ በፊት በትክክለኛው ቁጥር ላይ መሆኑን ማየት ብቻ አትርሱ። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት በኩል ይስማማናል። የአሜሪካውን የግድ ከወሰዳችሁ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሪሲቨሩ ጀርባው ላይ 400 ወይም 500 ዋት ይወስዳል ካለ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 1,000 ዋት ይሁን። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ አንዳንዱ ሌሊት ላይ እንደ ንብ ይጮኻል። ያንን ሁሉ ደምራችሁ ስታዩት «በነፃ የመጣው» ብዙም ነፃ አይደለም።

ስታቢላይዘርም በጀቱ ውስጥ ይግባ። ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ኮረንቲው ይወርዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ዕቃ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ዲሌይ ያለውን ምረጡ፣ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን። ተራ ዲቫይደር ምንም አይከላከልም።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። ክፍሉ!

ሳሎኖቻችንን አስቡ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት፣ መስኮቱ ትልቅ መስታወት በብረት ፍሬም፣ ላዩ ችፑድ ኮርኒስ፣ ከሱ በላይ ቆርቆሮ። ድምፅ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚያርፍበት ያጣል። ከሴራሚኩ ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ ግድግዳው ይመላለሳል። ንግግሩ ይደበላለቃል። ቤዙ አንዱ ወንበር ላይ ያጓራል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ሰው ይህን ሲሰማ «ሪሲቨሩ አይረባም» ብሎ ይደመድማል፣ ጥፋቱ ግን የክፍሉ ነው። የ2,000 ዶላር ሪሲቨር ብታመጡበትም እንደዚያው ይጮኻል።

ለዚህ ነው መካከለኛ በጀት ላይ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው የክፍል ማስተካከያውን። ከሪሲቨሩ ጋር ትንሽ ማይክ ትመጣለች። የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ታደርጓታላችሁ፣ ሪሲቨሩ ከእያንዳንዱ ስፒከር ድምፅ እየለቀቀ ርቀቱን፣ ጉልበቱን፣ ክፍሉ የትኛውን ድምፅ እንደሚያጋንን ይለካና ያስተካክላል። ዴኖን ላይ ኦዲሲ ይባላል፣ ያማሃ ላይ ዋይፓኦ፣ ኦንክዮ 6100 ላይ አኪውኢኪው። ኦዲሲ ራሱ ደረጃ አለው፤ ዴኖን ኤስ 760 ኤች ላይ ያለው ዝቅተኛው መልቲኢኪው ነው፣ ኤክስ 1700 ኤች ላይ ያለው መልቲኢኪው ኤክስቲ ይባላል፣ እስከ 8 ቦታ ይለካል፣ ማስተካከያውም ረቀቅ ያለ ነው። ሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነቱ ብዙ ካልሆነ ዓይኔን ሳላሽ ኤክስቲውን እወስዳለሁ። 75 ዋት ከ80 ዋት ስለሚለይ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ።

ልኬቱን ስታደርጉ ግን በወጉ አድርጉት። ማይኳን የሶፋው መደገፊያ ላይ አታስቀምጧት፤ የካሜራ መቆሚያ ላይ፣ በጆሮ ከፍታ ትሁን። ቬንትሌተሩን አጥፉ፣ ፍሪጁን ለጊዜው ንቀሉት። አዳማ ነፋሱ ከተነሳ መስኮቱም ቆርቆሮውም ዝም አይልም፣ ስለዚህ ማለዳ ጸጥ ሲል ይሻላል። ሲያልቅ ሜኑው ውስጥ ግቡና ስፒከሮቹ «ላርጅ» ተብለው ከሆነ ወደ «ስሞል» ቀይሩ፣ ክሮስኦቨሩን 80 ሄርዝ አድርጉ። ይህ ስፒከራችሁን ማሳነስ አይደለም። ከ80 በታች ያለውን ከባድ ቤዝ ሳብዉፈር ለሚባለው፣ የራሱ ኃይል ላለው የቤዝ ስፒከር መስጠት ነው፣ ሪሲቨሩም ስፒከሮቹም ይቀላቸዋል። ትልቅ ስፒከር ያላቸው ሰዎች ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፣ አንዴ ሞክረው ከሰሙት በኋላ ግን የሚመልሰው የለም።

ደግሞ ማስተካከያው ተአምር አይሠራም። የሚመላለሰውን ድምፅ ማጥፋት አይችልም። ቴሌቪዥኑና ሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ጣሉ፣ መስኮቱ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ ስቀሉ። ከዚያ ለኩ። ኮርኒሱ ከሳብዉፈሩ ጋር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የላላውን የኮርኒስ እንጨት አጠባብቁ። እነዚህ ነገሮች ከአንድ ደረጃ ከፍ ካለ ሪሲቨር የበለጠ ድምፁን ይለውጡታል፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

ኮርኒስ ካነሳን አይቀር ስለ አትሞስ ልናገር። ዶልቢ አትሞስ ድምፅን ከላይም የሚያመጣው ነው፤ ሲኒማ ቤት በ2012 ገባ፣ የቤት ሪሲቨር ላይ በ2014። ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንዱ ኮርኒስ ላይ ስፒከር መግጠም ነው። ሌላው ወደ ላይ የሚተኩስ ስፒከር መሬት ላይ አስቀምጦ ድምፁ ኮርኒሱ ላይ ነጥሮ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋል። የቆየ ቤት ውስጥ አቡጀዲ ኮርኒስ ካላችሁ ድምፁ ጨርቁን አልፎ ይሄዳል እንጂ አይመለስም፤ ዘመም ያለ ኮርኒስም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ለአትሞስ ተጨማሪ መክፈል ብክነት ነው። ጥሩ 5.1 (5 ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር) ከደካማ 5.1.2 (በዚያ ላይ ሁለት የላይ ስፒከር) ይበልጣል። በዚህ አቋሜ የሚከራከሩኝ ጓደኞች አሉኝ፣ እስካሁን አላሳመኑኝም።

ከ5ቱ ስፒከሮች ደግሞ ንግሥቷ መሃለኛዋ ናት። ፊልም ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው በእሷ ነው። እማዬ የአማርኛ ድራማ ስታይ ሪሞቱ ከእጇ አይወርድም ነበር፤ ሙዚቃው ሲመጣ ትቀንሳለች፣ ሰው ሲያወራ ትጨምራለች። የዲሽ ቻናሎቻችን አብዛኞቹ ስቴሪዮ ስለሆኑ ለመሃለኛው ስፒከር የተለየ ድምፅ አይልኩም። ሪሲቨሩ ላይ ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ስትመርጡ ግን ከግራና ከቀኝ እኩል የሚመጣውን ንግግር ለይቶ ወደ መሃል ይወስደዋል። ከዚያ የመሃለኛዋን መጠን በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነው። እማዬ አሁን ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ ትታ ቡናዋን ትጠጣለች። ስለዚህ መሃለኛዋ ላይ አትቆጥቡ፣ ከግራና ከቀኝ ስፒከሮቹም ጋር የአንድ ቤተሰብ ትሁን። ኦዲሲ ላይ ዳይናሚክ ኢኪው የሚባለውንም ክፈቱት፤ ማታ ድምፅ ቀንሳችሁ ስታዩ ቤዙና የኋላው ድምፅ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል፣ ጎረቤትም በሰላም ይተኛል።

ስለ ኤችዲኤምአይ የሚወራው ብዙ ነው፣ የሚያስፈልጋችሁ ግን ጥቂት ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው አፕ ድምፅ ወደ ሪሲቨሩ የሚመለሰው በአርክ ነው። አዲሱ ኢአርክ ሳይጨመቅ ሙሉውን ያሳልፋል። ከቻላችሁ ኢአርክ ይኑረው። ኦፕቲካል ገመድ 5.1 ያሳልፋል፣ አትሞስን ግን አያሳልፍም።

እዚህ ጋ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ፊልም የምናየው ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ነው። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ስትሰኩ ምስሉ መጥቶ ድምፅ የለም የሚልበት ጊዜ የለም? ፋይሉ ብዙ ጊዜ የተበላሸ አይደለም። ድምፁ የተቀዳው ዲቲኤስ በሚባል ዓይነት ነው፤ ሳምሰንግ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ቴሌቪዥኖቹ ላይ ዲቲኤስን ትቶታል። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁን ለሪሲቨሩም አያቀብልም። መፍትሔው ፍላሹን የሚያጫውት አንድሮይድ ቦክስ ገዝቶ፣ ዲቲኤሱን እንዳለ የሚያሳልፍ መሆኑን አረጋግጦ፣ ቦክሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይሆን ሪሲቨሩ ላይ መሰካት ነው። ሪሲቨሩ ዲቲኤስን ያነባል። ስለዚህ መግቢያዎቹን ቁጠሩ፦ ዲኮደር፣ ቦክስ፣ ጌም፣ ላፕቶፕ። 4 ከሆነ ልክ ልኩን ነው፣ 6 ከሆነ ነፃነት አለው።

ጌም የምትጫወቱ ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በ2020 መጨረሻ የወጡ የዴኖን፣ የማራንዝና የያማሃ ሞዴሎች ላይ የኤችዲኤምአይ ቺፕ ችግር ነበር፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ4ኬ 120 ሄርዝ ሲሰካ ስክሪኑ ይጠቁር ነበር። ኩባንያዎቹ ውጭ አገር ማካካሻ ሰጥተዋል፣ ያገለገለ ስትገዙ ግን የተስተካከለውና ያልተስተካከለው ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ጌም የማትነኩ ከሆነ ይህ አያገባችሁም፣ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳችኋል።

ምርጫዬን በግልጽ ልንገራችሁ። 5.1 ይበቃኛል ያለ ሰው ያማሃ ቪ4ኤን ይውሰድ። 80 ዋት፣ 4 መግቢያ፣ አትሞስ የለውም፣ ጣጣም የለውም። ትንሽ የሚጨምር ዴኖን ኤክስ 1700 ኤች፤ በማስተካከያው ምክንያት እኔ ብሆን የምገዛው እሱን ነው፣ 6 መግቢያም አለው። ቴሌቪዥንም ፕሮጀክተርም ያለው ሰው ኦንክዮ 6100ን ይይ፣ ሁለት የኤችዲኤምአይ መውጫ ስላለው። ዴኖን ኤክስ 2800 ኤች 95 ዋት ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ማስተካከያው ያው ኤክስቲ ስለሆነ ልዩነቱን ስፒከር ላይ ባውለው እመርጣለሁ።

ያገለገለ ከሆነ ሁሉንም ቻናል በየተራ አሰሙ፣ ሁሉንም ኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ ማይኳን ጠይቁ። ማይኳ ከጠፋች የሌላ ብራንድ ማይክ አይተካትም፣ የገዛችሁትም ግማሹን ነው። በካርቶን ከሚሸጡት ሙሉ ሆም ቲያትሮች የተረፉ ስፒከሮችን ደግሞ አዲሱ ሪሲቨር ላይ አትቀጥሉ። ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው፣ ሪሲቨሩ ግን ብዙ ጊዜ ከ6 ኦም በታች አይወድም፤ ይሞቃል፣ ራሱን ያጠፋል።

ሙቀት ካልን፣ አዳማ ሞቃት ናት፣ አቧራም አላት። ቡፌ ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጡት። ላዩ ላይ ዲኮደርም ዳንቴልም አይቀመጥበት። ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ከላይ ይኑረው፣ አቧራውን ነቅላችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት የለባችሁም። መጀመሪያ ሪሲቨሩ፣ ግራና ቀኝ፣ መሃለኛዋ። ቀጥሎ ሳብዉፈሩ። የኋላዎቹ ሁለቱ መጨረሻ ይምጡ። ለስፒከር ገመድ ብዙ አታውጡ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ባለ ብዙ ክር 2.5 ሽቦ ይበቃል። ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ኤሌክትሪሺያኑን ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ እስከ ሶፋው ጀርባ ድረስ ባዶ ቱቦ እንዲቀብርላችሁ ንገሩት፤ ለመብራት ከሚሄደው ቱቦ ለብቻው ይሁን፣ ውስጡም መሳቢያ ሲባጎ ይተውበት።